የለቅሶ ተራ ባለቤት

ለቅሶ ቤት በተራ መቀመጥ ባለቤት እንዳለው የሰማሁት፣ ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ በተቀመጥኩበት ነው። ዲለር ነኝ፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ። ቆሞ ላልዋለ ሰው የእግርን ነገር ቢነግሩትም አይገባውም። ልጄ ደወለችና «ማሚ፣ ዕድሩን ሊከሱት ነው» አለችኝ።

«ማነው የሚከሰው?»

«አንድ ካምፓኒ።»

«ምን አድርገን?»

 ልጄ እዚሁ አገር የተወለደች፣ አማርኛና እንግሊዝኛዋ እየተጋፉ የሚወጡ ልጅ ናት፤ አሁን ግን ቃሉን እየቆጠረች ነው የምታወጣው። «ያ አፑ» አለች። «ለቅሶ ቤት ተራ የሚሰጠው። የኛ ነው ይላሉ።»

እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። «ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የካምፓኒ የሆነው?» አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። «ፓተንት አላቸው ማሚ። ፓተንቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የኔ ነው።»

ውሃው ቀዝቅዞ ነበር። እግሬን አወጣሁና ፎጣ ፍለጋ ተነሳሁ።

ከሥሩ ልጀምረው፤ አለዚያ ለሰሚም ግራ ነው።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ነው ነገሩ የተጠነሰሰው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጠዋትና ማታ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሺፍት ነው። የኛ ሰው ታክሲ ይነዳል፣ ሆቴል ያጸዳል፣ ካርድ ያድላል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ካሉት መጋዘኖች ዕቃ ይጭናል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የቀብሩ ዕለትና በማግስቱ ስፕሪንግ ቫሊ ያለው ቤታችን መቆሚያ አልነበረውም። ሠልስቱም በደንብ አለፈ። ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቀና ብዬ ሳይ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም «ሌላ ሰው አይጠፋም» ብሎ ነው። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ታጣፊ ወንበሮች መሐል ብቻዬን ተውኝ። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ለማን ይለቀሳል? ወንበር ሳይ ዋልኩ።

ልጄ ያኔ ኮሌጅ ነበረች። ፈተናዋን ጨርሳ ስትገባ እንደዚያ ሆኜ አገኘችኝ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከአርባው በኋላ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ጥያቄ ታዥጎደጉድብኝ ጀመር። የዕድሩ ሰዎች ሺፍታቸው መቼ ነው? ኦፋቸው መቼ ነው? ከሥራ ሲወጣ ለቅሶ ቤት የሚደርስ ማነው? ከዚያ ደግሞ «አንቺ ካዚኖ ውስጥ ብሬክ ስትወጪ ጠረጴዛውን ለማን ትተይዋለሽ?» አለችኝ።

«ለማንም አልተውም» አልኳት። «ተቀያሪዬ መጥታ ትከሻዬን ካልነካች ሰማይ ቢደፋ ከጠረጴዛው አልነቃነቅም። ስትነካኝ እጄን አጨብጭቤ፣ መዳፌን ገልብጬ ለካሜራው አሳይቼ እወጣለሁ።»

ይህችኑ ነው የወሰደቻት። አፑ የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ ሰው ሲሞት፣ ስልኩ ራሱ የሁላችንንም ሺፍት አይቶ «ተረኛ ነዎት» የሚል መልእክት ይልካል። ተረኛው ለቅሶ ቤት ሲደርስ «ደርሻለሁ» የሚለውን ይጫናል። እሱ ካልተጫነ ከሱ በፊት የነበረው ሰው አይለቀቅም፤ ስልኩ «ቆይ፣ ገና ነው» ይለዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በዕድራችን ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሐዘንተኛ አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ከሥራ የመጣ ታክሲ ነጂ ከፊቷ ቁጭ ብሎ ሲያንጎላጅ ብታይም፣ ያው ሰው ነው፤ ሰው አለ።

ልጄ ከተመረቀች በኋላ እዚሁ ከተማ አንዲት ትንሽ ካምፓኒ ተቀጠረች። ነርሶችን በሺፍት ለየሆስፒታሉ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። አንዷ ነርስ ሳትደርስ ሌላዋ ጥላ የምትሄድበት ችግር ነበረባቸው። ልጄም «እኔ መላ አለኝ» ብላ ለዕድሩ የሠራችውን ነገር ለነሱ ሠራችላቸው። ወደዱት። ወደውትም ፓተንት አወጡበት፤ ይህን የፈጠርነው እኛ ነን፣ ያለ ፈቃዳችን ማንም አይነካውም የሚል የመንግሥት ወረቀት ነው። ፈጣሪ ተብላ የተጻፈችው ልጄ ናት። የባለቤትነቱን መብት ግን ገና ስትቀጠር ለካምፓኒው ፈርማ ሰጥታለች። ለሷ የደረሳት ስሟ የተቀረጸበት፣ እንጨት ላይ የተለጠፈ መስታወት ነው። እኔ ደግሞ አላወቅሁ፣ ከአባቷ ፎቶ ጎን ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸውላችሁ» እላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ካምፓኒዋ ከሰረች። ሲከስሩ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የቡና ማሽኑ ሁሉ እንደሚሸጠው ወረቀቱም ተሸጠ። የገዛው ሌላ ካምፓኒ ነው፤ ምንም የማይሠራ ካምፓኒ። ነርስ አይልክ፣ ሶፍትዌር አይጽፍ፣ አንድ ሠራተኛ ሺፍት አያስገባ። ሥራው ፓተንት መግዛትና «የኔን ነክታችኋል፣ ክፈሉ» እያለ ደብዳቤ መላክ ብቻ ነው። ለትናንሽ ክሊኒክ፣ ለአረጋውያን መጦሪያ ይልካል። እኛን ያገኘን በኩራታችን ነው፤ የዕድራችን ጸሐፊ የአፑን አሠራር ከአንድ እስከ መጨረሻው ድረ ገጻችን ላይ ዘርዝሮ ለጥፎት ነበር።

የጠየቁትን ገንዘብ እዚህ አልጽፈውም፤ ስጽፈው ደሜ ይፈላል። የዕድር ገንዘብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሬሳ ነው።

ደብዳቤውን የያዙት የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በሰማንያዎቹ እንደኛው በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ታክሲ ነድተው ያረጁ ሰው ነበሩ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከሚስታቸው ጋር፣ ድሮ በገዟት ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ካሰበው አይመለስም። ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሽማግሌ ይሂድ» አሉ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሽማግሌ የሚገባቸው ሰዎች አይመስሉኝም» አልኳቸው።

«ሰው ናቸው አይደል? ሰው ከሆኑ ይገባቸዋል።»

ሽማግሌ ሦስት ነው። ሦስተኛው ከሺፍቱ ስላልተለቀቀልን ሁለት ሆነን ሄድን። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስረው መጡ። አድራሻው የሚገኘው ከቤቴ ብዙ በማይርቅ የሱቆች ሰፈር፣ በጥፍር ማሳመሪያ ቤትና በፒዛ ቤት መሐል ነበር። ፓርክ አድርገን ገባን። ውስጡ ትንሽ ክፍል ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የፖስታ ሳጥን፣ አንዲት ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ደግሞ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው የካምፓኒውን ስም ነገሯት።

«እዚህ የሚሠራ ሰው የለም» አለች። «ደብዳቤ ብቻ ነው የሚመጣላቸው።»

«ኃላፊው መቼ ይመጣሉ?»

«ማንም መጥቶ አያውቅም።» ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አዘነችላቸው መሰለኝ ውሃ ሰጠቻቸው።

መኪና ውስጥ ገብተን ኤር ኮንዲሽኑን ከፈትኩት። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ እያሰብኩ የነበረው የራሴን ሥራ ነው። በካዚኖ ሥራዬ አልመጻደቅም፤ የስንቱ ሰው ደሞዝ በፊቴ አልፏል። ግን ሰውየው በገዛ እግሩ ገብቶ፣ እኔን ዐይን ዐይኔን እያየ ነው የሚሸነፈው። ከጠረጴዛው ስነሳም መዳፌን አሳያለሁ። እዚህ ግን የሚታይ መዳፍ የለም፤ ሳጥን ነው ያለው። ተናደድኩ፣ ግን ደግሞ ደክሞኝ ስለነበር ንዴቴም እንደ ሰው ንዴት አልሆነልኝም።

ጋሼ ደብዳቤውን አወጡና ከግርጌው ያለውን ስልክ ደወሉ። የሚያነሳ የለም፤ መልእክት ይተዉ ይላል። በዚያች ረጋ ባለች እንግሊዝኛቸው ተናገሩ። «ጤና ይስጥልኝ። የዕድሩ ሰብሳቢ ነኝ። ልጃችን አጥፍታለች፣ እኛም አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን። ቁጭ ብለን እንነጋገር። ቤታችን ድረስ ብትመጡ ደስ ይለናል።» ስልካቸውንም ሰጡ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን እየነቀነቅሁ «ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩ። ወይ ነዶ! እውነትም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ሽምግልና ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው በጨዋ ደንብ ነበር፤ ይሄኛው ተቀየረ። የዕድሩ ሰብሳቢ በራሳቸው አንደበት ጥፋታቸውን አምነዋል፣ ድምፃቸውም በእጃችን ነው ይላል። የሚጠይቁትም ከፍ ብሏል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

ልጄ ጋሼ ቤት ድረስ ሄዳ ጮኸችባቸው። እኔም ነበርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለምን ሶሪ ይላሉ? ምንም አላደረጉም እኮ! እዚህ አገር ሶሪ አይባልም! ሶሪ ካሉ አለቀ፣ ዩ አር ዳን!»

«ተይ አንቺ!» አልኳት። ጋሼ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ልጄ» አሏት፣ «ሽማግሌ ሲሄድ መጀመሪያ ይቅርታ ይላል። ያጠፋ ስለሆነ አይደለም። አንዱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ካላነሳ በር የሚከፍት የለም። አንተ ስታነሳ ያም ሰው ያፍርና የራሱን ያነሳል። እንደዚያ ነው የሚታረቀው።»

«እነሱ ግን አያፍሩም» አለች ልጄ፤ ድምጿ ወርዶ ነበር።

«አዎ» አሉ ጋሼ። «እሱን አላወቅሁም።»

የጋሼ ሚስት እንጀራ አቀረቡልን።  ስንወጣ ጋሼ እስከ መኪናው ሸኙንና ለልጄ በሩን ከፍተውላት «አይዞሽ» አሏት።

ያለ ክፍያ የምትረዳን ጠበቃ ያገኘችልን ልጄ ናት። ልጅ እግር ሴት ናት፤ ጽሕፈት ቤቷ መሐል ከተማ ነው፣ ጠረጴዛዋ በወረቀት ተሸፍኗል። እንዲህ ያሉትን ካምፓኒዎች እዚህ ትሮል እንደሚሏቸው ነገረችን። ልጄ ስትተረጉምልኝ «በድልድይ ሥር የሚደበቅ ጭራቅ ነው» አለች። እኔ ግን ኬላ ነው የታየኝ። መንገዱን ሳይሠራ፣ ድንጋይ ሳያነሳ፣ ገመድ ብቻ ዘርግቶ «ቁም፣ ክፈል» የሚል ኬላ ጠባቂ።

«ታዲያ መንግሥት ለምን ይፈቅዳል?» አልኩ።

ልጄ ናት የመለሰችልኝ። «ማሚ፣ ፓተንት ሁሉ መጥፎ አይደለም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሰጥቶ መድኃኒት ቢያገኝና ሌላው በማግስቱ ቢሰርቀው ልክ ነው? ጥበቃ ያስፈልገዋል። ይሄ ግን...» ቃል ፈለገች። «ይሄ ተራ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስለተጻፈ ብቻ አዲስ ተባለ። የኔ እንኳ አይደለም። ያንቺ ትከሻ ነው፣ የዕድሩ ነው።»

ጠበቃዋ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ዕድሩ አፑን መጠቀም የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀችን። ፓተንቱ ከመጠየቁ ከዓመታት በፊት ነው አልናት። ፊቷ በራ። ነገሩ ቀድሞ በሰዎች እጅ ሲሠራበት ከነበረ ወረቀቱ ይወድቃል አለች፤ ዕድሩ ብቻ ሳይሆን ደብዳቤው የደረሳቸው ክሊኒኮች ሁሉ ነፃ ይወጣሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን ወደ ልጄ ዞረችና «ፓተንቱ ሲወጣ ከዚህ በፊት የተጠቀመበት አለ ወይ ብለው አልጠየቁሽም?» አለቻት።

ልጄ መሬት መሬት አየች። «ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽ?»

«ማንም አልተጠቀመበትም አልኩ። ፈረምኩም።»

እኔ መስማት ከብዶኝ «ምነው ልጄ?» አልኳት በአማርኛ። «እኛስ? ያ ሁሉ ሰው?»

እያለቀሰች ነበር። «ማሚ፣ እኔ እንደሱ አላሰብኩም። ተጠቃሚ ማለት ከስተመር ማለት መሰለኝ። እናንተ እኮ... ዕድር ናችሁ። ቤተሰብ ነው። እንደ ሰው አልቆጠርኳችሁም።» ከዚያ የተናገረችው ራሷን ሲያስደነግጣት አየሁ። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ልጆቻችን የኛን ነገር ይወዱታል፤ ንፍሮውን ይበላሉ፣ ነጠላ ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ግን ትልቁ ሰው በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ሲጠይቃቸው የኛ ነገር ነገር አይመስላቸውም። ዕድር የእናቷ ጓደኞች ስብስብ ነው፤ እንዴት ብሎ ወረቀት ላይ ይገባል? ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። ልጄ ስለሆነች ደግሞ ቅሬታዬን ዋጥኩት።

ጠበቃዋ አላታለለችንም። እዋጋለሁ፣ የምናሸንፍም ይመስለኛል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል አለች። ልጄን መሐላ ላይ አቁመው ስለዚያ ቃል ይጠይቋታል። ዋሽታለች ለማለት ይሞክራሉ፤ ድሮ የሠራችላቸው ሰዎች ይጠራሉ፤ አሁን ያለችበት መሥሪያ ቤትም ይሰማል። «ምንም አይደርስባትም ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም» አለች። ልጄ ወዲያው «እመሰክራለሁ» አለች። ቆራጥ ናት፣ በአባቷ ነው የወጣችው።

ዕድሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ከሥራ የመጣው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰዓቱን እያየ። ልጄ ፊት ለፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ያን «ማንም» ያለችውን እንኳ አልደበቀችም። አንዳንዱ አጉረመረመ። «ታዲያ ትመስክር፣ ራሷ ያመጣችው ነው» ያለም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ለሱም ልቦና ይስጠው።

ጋሼ ተነሱ። «ይህን ጉድጓድ ማን እንዳሰፋው ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አሉ። «አፌን ከፍቼ አጥፍተናል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቱን አሳልፈን ለዳኛ አንሰጥም። አፑን እንዝጋው። ድሮ በስልክ ስንጠራራ እንቀባበር አልነበረም?»

«ጋሼ፣ አይ ካን ዱ ዚስ» አለች ልጄ። «እችላለሁ። እናሸንፋለን።»

«እንደምትችይ አውቃለሁ ልጄ። እኛ ነን የማንችለው።»

እጅ አውጡ ተባለ። እኔ አፑ የተሠራው በኔ ባዶ ቤት ምክንያት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ክሊኒኮቹንም አስቤያለሁ፤ ዝም ካልን ነገ እነሱን ነው የሚበላቸው። ግን እናት ነኝ፣ ደግሞም ሰልችቶኛል። እንዲዘጋ እጄን አወጣሁ። ልጄ አየችኝ፤ ዐይኗን ሳትነቅል አየችኝ። 

ከእንግዲህ አንጠቀምም ብለን በጠበቃዋ በኩል ፈረምን፤ ካምፓኒውም ወረቀቱ እንዳይወድቅበት ፈርቶ ገንዘቡን ትቶ ለቀቀን። ልጄ እዚያው ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ አፑን ከሁላችንም ስልክ አጠፋችው። ከዚያ ተነስታ መስታወቱን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ጋራዥ ወሰደችው። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ቀለም ልቀባው እያልኩ እስካሁን አልቀባሁትም።

ጋሼ በዚያው ዓመት አረፉ። ልባቸው ነው። አትክልት እያጠጡ ወደቁ፤ አምቡላንሱ ሲደርስ አልቆ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ።

በስልክ ተጠራራን፤ አንዱ ለአንዱ፣ ያም ለሌላው። ቀብራቸው ላይ ያልመጣ የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤታቸው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ምግቡም ተትረፈረፈ። እኔም ሠልስቱን ውዬ፣ ሰው ብዙ ነው ብዬ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ኦፍ በነበርኩበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጄ ደወለች።

«ማሚ፣ አሁን እትዬ ጋ ማን አለ?» የጋሼን ሚስት ማለቷ ነው።

«ሰው አይጠፋም» አልኳት።

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ልጄ ስልኩን ዘጋች። ብዙም ሳትቆይ በሬ ላይ መኪናዋ ቆመች። በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነዳችው።

በሩ አልተቆለፈም። ወንበሮቹ፣ እነዚያው የቤተ ክርስቲያን ታጣፊ ወንበሮች፣ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። እትዬ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ሲያዩን ተጣድፈው ለመነሳት ሞከሩ። «ኑ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ። «ሰዉ አሁን ነው የወጣው። አሁን፣ ከእናንተ በፊት።»

ጠረጴዛውን አየሁ። ስኒዎቹ ታጥበው እንደተደፉ ናቸው፤ አንድም የተነካ የለም። ሻይ በያዘው ፔርሙዝ ዙሪያ አንድም የፈሰሰ ጠብታ የለም። ለኛ ብለው ነው የዋሹት፤ እንዳናፍር።

እግሬ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ የኔ ቤት ነው። ልጄ ግን አልፋኝ ሄደች። ፍራሹ ላይ ተንበርክካ እትዬን ትከሻቸውን ያዘቻቸው። በዚያች በምትሰነካከል አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ ቃል እየመረጠች ተናገረች።

«እትዬ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነበር» አለች። «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተራ የሚባል ነገር እንደሌለ እትዬም ያውቃሉ፤ ባላቸው ናቸው ያዘጉት። ልጄን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ አንገቷን ሲያቅፉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተይዞ የነበረው ለቅሶ መጣላቸው።

«ምን አጠፋሽ ልጄ» አሉ። «ይኸው መጣሽ አይደል።»